«የት ቀረሽ?» ስትለኝ አድራሻዬን ነገርኳት

ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በጀርመን አገር፣ ከካሰል ብዙም በማይርቅ አነስተኛ ከተማ ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። ከመጣሁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ጀርመንኛ አዲስ አበባ ጀምሬ፣ እዚህም ቀጥዬ፣ የመካከለኛውን ደረጃ፣ የ«ቤ አይንስ» ፈተናን አልፌአለሁ። አሁን በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በረዳት ተንከባካቢነት እሠራለሁ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አዛውንቶቹም ይወዱኛል። ሰው ፊት ለፊት ሲያናግረኝ እግባባለሁ፤ በጆሮዬ ያመለጠኝን ከፊቱና ከእጁ አነባለሁ።

ችግሬ ስልክ ነው። ስልኬ ጠርቶ የባልደረቦቼን ስም ሳይበት ልቤ ይመታል። በስልክ የሚናገሩት ጀርመንኛ እኔ የተማርኩት አይመስልም፤ ቃሉ ሁሉ ግማሹ ተውጦ፣ ግማሹ እርስ በእርሱ ተጣብቆ ይደርሰኛል። ስለዚህ ባለቤቴ ቤት ካለ ስልኩን ለእርሱ አቀብለዋለሁ፤ እርሱ እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። እርሱ ከሌለ አላነሳም፤ ማንሳት ግድ ከሆነብኝ ደግሞ «ያ፣ ያ፣ አለስ ክላር»፣ አዎ፣ አዎ፣ ገባኝ፣ እያልኩ እስኪዘጉት እጠብቃለሁ።

በፋሲካችን ሰሞን ግን ጉድ ሆንኩ። ሐሙስ ዕለት አንዲት ባልደረባዬ ደወለችልኝ። ከምትለው ሁሉ «ዞንታግ» የሚለውን ቃል ለይቼ ሰማሁ። እሑድ በዓላችን መሆኑን ነግሬያት ስለነበር ስለ በዓሉ የምታወራኝ መስሎኝ «ያ፣ ያ፣ አለስ ክላር፣ ዳንከ» አልኳት። እሑድ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ገድፈን፣ ጋደም እንዳልን ስልኬ ጮኸ። «ቮ ብላይብስት ዱ ደን?» አለችኝ። «ብላይበን» መቆየት፣ መቀመጥ መሆኑን ስለማውቅ የት እንደምኖር የጠየቀችኝ መስሎኝ የመንገዴን ስምና የቤቴን ቁጥር ነገርኳት። ለካስ «የት ቀረሽ?» ማለቷ ኖሯል። ሐሙስ ዕለት የታመመች ባልደረባችንን ተክቼ የእሑድን የጠዋት ፈረቃ እንድገባ ጠይቃኝ፣ እኔም እሺ ብያት ኖሯል። ያን ጠዋት ሌላ ሰው እስኪመጣላት ድረስ ብቻዋን ስትሯሯጥ ቆየች።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ቀዝቅዞብኛል። ባለቤቴም «ሁለተኛ ስልክ አታንሺ፤ ሁሉንም ለእኔ ተይው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከሐፍረት ሊያድነኝ ብሎ ነው። ይሁንና ባለፈው ሳምንት የማሕፀን ሐኪም ቀጠሮ ለማስያዝ ሲደውልልኝ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እርሱ የወር አበባዬን ጉዳይ ለማያውቃት ሴት ሲያስረዳ እንደ ሕፃን ልጅ ተሰማኝ።

ምን ይመክሩኛል? በሥራ ቦታዬ «አትደውሉልኝ፤ በጽሑፍ ብቻ ላኩልኝ» ብል ነውር ይሆንብኛል? ወይስ ባለቤቴ እንዳለው ለእርሱ ልተወው? ወይስ ይህን የሰፈር ጀርመንኛ እንደ አዲስ ልማረው? ብማረውስ፣ በዕድሜ ለሚበልጡኝ ሰዎች ስናገረው ብልግና አይሆንም?

ታናሽ እህትዎ፣
ስልክ ሲጮኽ የምደነግጠው

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን «ታናሽ እህትዎ» ብለሽ ስላሳረግሽው አንቱታውን ትቼ አንቺ እልሻለሁ። ጀርመኖችም ቢሆኑ ከ«ዚ» ወደ «ዱ» የሚሻገሩት በዕድሜ ወይም በሥራ ደረጃ ከፍ ያለው ሰው ሲጋብዝ ነውና፣ በሁለቱም አገር ሥርዓት ግብዣው የእኔ ነው።

የመንገድሽን ስምና የቤትሽን ቁጥር የነገርሽበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ አልደብቅሽም፣ ሳቅሁ። በአንቺ ግን አይደለም። አማርኛ የተማረ አንድ ፈረንጅ ለወዳጁ ሲደውል «ምነው ጠፋህ?» ቢባልና «ኧረ አልጠፋሁም፤ መንገዱን በደንብ አውቀዋለሁ» ብሎ ቢመልስ ምን እንደሚመስል አስቢው። ይህ ሰው አማርኛ አያውቅም ልንል አንችልም፤ «መጥፋት» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላቱ እንደሚፈታው አድርጎ በትክክል ተረድቶታል። አንቺም «ብላይበን»ን የተረዳሽው እንዲሁ በትክክል ነው። የጎደለሽ ፈተና ላይ የማይጠየቀው፣ ሰው ሲቸኩል፣ ሲናፍቅ ወይም ሲናደድ የሚናገረው ትንሹ ጀርመንኛ ነው። ይህ ደግሞ ከሰዋስዉ ሁሉ የቀለለ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚያዝ ነገር ነው።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ግን ከሁሉ የከበደሽ የፋሲካው ጠዋት አልመሰለኝም። የሐኪሙ ስልክ ነው። ስለ ገዛ አካልሽ ሌላ ሰው ሲናገርልሽ አጠገቡ ተቀምጠሽ መስማትሽ ነው። ያን ዕለት ስልኩን ከባለቤትሽ እጅ ተቀብለሽ ቢሆን ኖሮ ምን ትያቸው ነበር? እስቲ በአማርኛ በሁለት መስመር ጻፊው። ከጻፍሽው በኋላ የሚያስፈልግሽ ጀርመንኛ ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ታያለሽ። ወደዚህ ነገር እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን በስልክ ለምን እንደሚያቅትሽ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ስታውቂው ራስሽን መውቀስሽን ትቀንሻለሽና። ፊት ለፊት ስታወሪ ከንፈር፣ ዓይን፣ እጅና አካባቢው ሁሉ ያግዙሻል፤ በስልክ ሁሉም ተወስደው ድምፅ ብቻ ይቀርልሻል፤ ድምፁም የተሸራረፈ ነው። መምህርሽ «ካንስት ዱ» ብላ ለያይታ ያስተማረችሽ በሰው አፍ «ካንስተ» ይሆናል፤ «ሃስት ዱ» «ሃስተ» ይሆናል፤ «ኢኽ ሃበ» «ኢኽ ሃብ»፣ «ኒኽት» «ኒኽ»፣ «ገራደ» ደግሞ «ግራድ» ይሆናል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት የሰማሽው ዓረፍተ ነገር «ካንስተ ዞንታግ አይንሽፕሪንገን?» የሚል ሳይሆን አይቀርም። «አይንሽፕሪንገን» ቃል በቃል ሲፈታ ዘሎ መግባት ነው፤ በሥራ ቤት ግን የቀረን ሰው ተክቶ ፈረቃ መግባት ማለት ነው። በመንከባከቢያ ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን ይህን ቃል ማንም ሳይነግርሽ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ይሁን እንጂ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ፋሲካሽን ያበላሸው የማታውቂው ቃል ሳይሆን የምታውቂው ቃል ነው፤ እርሱም «ያ» ነው። እኛ ሰው ሲያወራን «እሺ… እህ… እሺ…» እያልን እንሰማለን። ይህ እሺታ ውል አይደለም፤ «አለሁ፣ እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥዪ» ማለት ነው። እንዲያውም ጸጥ ብለን ብናዳምጥ ተናጋሪው «አለሽ?» ብሎ ንግግሩን ያቋርጣል። አንቺ ያንን ጨዋ እሺታ ወደ «ያ» መነዘርሽው። ባልደረባሽ ግን እሑድ ትገቢያለሽ ወይ ብላ ጠይቃ «ያ፣ አለስ ክላር» የሚል መልስ ስትሰማ፣ ነገሩ አለቀ ብላ ስምሽን በፈረቃ ሰሌዳው ላይ አስገባች። «አለስ ክላር» የስምምነት ማኅተም ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚቀረው ስንብት ብቻ ነው። ይባስ ብሎ «ያያ» ተብሎ በፍጥነት ሲደገም «እሺ በቃ፣ አትነዝንዢኝ» የሚል ቃና ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አዳማጭነትሽን መግለጽ ስትፈልጊ አፍሽን ሳትከፍቺ «ምህም» በዪ፤ አዲስ ነገር ስትሰሚ «አኽ ዞ» በዪ፤ «ለካስ እንዲህ ነው» እንደ ማለት ነው። «ያ»ን ግን የተጠየቅሽውን በራስሽ አፍ ደግመሽ እስክታረጋግጪ ድረስ ቆጥበሽ ያዢው።

ወደ አማራጮችሽ ልምጣ። በጽሑፍ ላኩልኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ለጊዜው ብልህነት ነው። ለባልደረባሽ «ሽራይብስት ዱ ሚር ዳስ ኩርትስ?» ብትያት፣ «እስቲ በአጭሩ ጻፊልኝ» ማለት ነው፤ ማንም አይቀየምሽም። ነገር ግን «ፈጽሞ አትደውሉልኝ» የሚል በር አትዝጊ። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልጅሽ በሌሊት ትኩሳት ቢይዘውና ባለቤትሽ ሥራ ላይ ቢሆን ወደ ድንገተኛ ጥሪው 112፣ ለሕይወት የማያሰጋ ከሆነም ሐኪም ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ወደሚሠራው 116117 የምትደውዪው አንቺ ነሽ። ሁለተኛው፣ በሥራ ቦታ ወዳጅነት የሚበቅለው በእነዚህ የማይረቡ በሚመስሉ አጫጭር ስልኮች ነው። «ፈረቃ እንቀያየር?»፣ «ቁልፉን የት አደረግሽው?»፣ «ተሻለሽ ወይ?» ከሚሉት ጥሪዎች የተገለለ ሰው፣ ሳይታወቀው ከቡና ዕረፍቱም ጨዋታ ይገለላል።

በጽሑፍና በስልክ መካከል ያለ ድልድይ ግን አለ፤ ተጠቀሚበት። በዋትስአፕ የሚላከው የድምፅ መልእክት ነው፤ እነርሱ «ሽፕራኽናኽሪኽት» ይሉታል። ከባልደረቦችሽ ቀረብ የምትልሽን አንዲቱን ምረጪና ጉዳይ ሲኖራት በመደወል ፈንታ ድምፅዋን ቀርጻ እንድትልክልሽ ጠይቂያት። ያው የተሸራረፈው ጀርመንኛ ነው፤ ልዩነቱ ሰባት ጊዜ መልሰሽ መስማት መቻልሽ ነው። በሦስተኛው ላይ «ካንስተ» ይለይልሻል፤ በአምስተኛው ላይ ቃናዋን ትይዢዋለሽ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፤ የስልክ ጥሪዎችን በድብቅ ቀርጸሽ በኋላ አዳምጪ የሚል መካሪ ቢገጥምሽ አትስሚው። ሌላውን ሰው ሳያስፈቅዱ ንግግሩን መቅዳት በጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 201 የሚያስቀጣ ነው።

አሁን ስለ ቃላቱ። ብዙ አልሰጥሽም፤ ብዙ ከሰጠሁሽ እንደ ኮርሱ መጽሐፍ ይሆንብሻል። ስልኩን ስታነሺ ስምሽን በዪ፤ ጀርመኖች «ሃሎ» ብቻ ከማለት ይልቅ ስማቸውን፣ ብዙ ጊዜም የቤተሰብ ስማቸውን ተናግረው ማንሳት ልማዳቸው ነው። አንቺ ስትደውዪ፣ ድምፅሽን ለምታውቀው ሰው «ኢኽ ቢንስ» ትያለሽ፤ «እኔ ነኝ» ነው። ወዳጅ የሆነች ባልደረባሽ ደውላ «ና?» ብትልሽ ግራ አይግባሽ፤ እንደ ወንድ እየጠራችሽ አይደለም፤ «እሺ፣ እንዴት ነሽ?» ማለቷ ነው። የእኛ ሰላምታ ልጁን፣ ባሉን፣ እናትን፣ አየሩን ሁሉ ሳያዳርስ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ የእነርሱ ግን «ና?» ብሎ ወዲያው «ዱ፣ ኢኽ ቮልት ኑር ኩርትስ ፍራገን» ይላል። «ስሚማ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነበር» ማለት ነው። ይህንን ዓረፍተ ነገር ስትሰሚ ንቂ፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ልመና ነው።

ያን ጊዜ ካልገባሽ ምን ታደርጊያለሽ? ብዙዎቻችን በሐፍረት የምንሸሸግበት «አልሰማሽም፤ መስመሩ መጥፎ ነው» የሚለው ሰበብ ነው። እኔም ዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። ችግሩ፣ አልሰማሽም ያልሻት ሴት ጮክ ብላ ትደግመዋለች እንጂ ቀስ ብላ አትደግመውም። አሁን አለመግባት ብቻ ሳይሆን ጆሮሽም ይታመማል። ከዚያ ይልቅ እውነቱን በሦስት ቃል ንገሪያት፦ «ኖኽማል ላንግዛም፣ ቢተ»፤ እንደገና፣ ቀስ ብለሽ፣ እባክሽ። ወረቀት ለማንሳት ወይም ልጁን ዝም ለማሰኘት ጊዜ ከፈለግሽ «ቫርተ ማል ኩርትስ» በዪ። መስመሩ በእውነት ከተቆራረጠ «ቢስት ዱ ኖኽ ድራን?» ማለት «አለሽ?» ነው። ሥራ ላይ ሆነሽ ከተደወለልሽ «ኢኽ ካን ግራድ ሽሌኽት ሬደን፣ ኢኽ ሩፍ ዲኽ ጹሩክ» ትያለሽ፤ አሁን ለማውራት አይመቸኝም፣ መልሼ እደውልልሻለሁ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ እንደ ክታብ እንድትይዢው የምፈልገው ግን ይህንን ነው፦ «ኢኽ ጉክ ማል ኡንት ዛግ ዲር በሻይት»። «አይቼ አሳውቅሻለሁ» ማለት ነው። «በሻይት» የሚለውን ቃል ከመንግሥት መሥሪያ ቤት በሚመጣው አስፈሪ ደብዳቤ አናት ላይ ሳታውቂው አትቀሪም፤ በቤት ጀርመንኛ ግን ምንም የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ወሬ ማድረስ ብቻ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር እሺም እምቢም ሳትዪ ስልኩን በክብር ያስዘጋሻል። ከዘጋሽ በኋላ ቀን መቁጠሪያሽን ታያለሽ፣ ባልሽን ታማክሪያለሽ፣ ቃሉን ትፈልጊያለሽ፣ ከዚያም በጽሑፍ ትመልሻለሽ። የሐሙሱን ጥሪ በዚህ ዘግተሽው ቢሆን ኖሮ በፋሲካ ጠዋት ማንም ባልቀሰቀሰሽ ነበር። እምቢ ማለት ስትፈልጊም «ዳ ካን ኢኽ ላይደር ኒኽት» ይበቃል፤ «በዚያን ቀን አይመቸኝም፣ ይቅርታ» ነው። ምክንያት መደርደር አይጠበቅብሽም፤ እኛ ያለ ምክንያት እምቢ ማለት ይከብደናል፣ እነርሱ ግን «ላይደር» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይበቃቸዋል።

ስለ ሰዓት ሳልነግርሽ ብቀር በሌላ ደብዳቤ መመለስሽ አይቀርም። «ሃልፕ ዚበን» ሲሉሽ ሰባት ተኩል አይደለም፤ ወደ ሰባት የሚሄደው ሰዓት ግማሽ፣ ማለትም በአውሮፓ አቆጣጠር 6:30፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ጀርመን የመጣች ባልደረባ ካለችሽ ደግሞ «ፊርተል ዚበን» ልትልሽ ትችላለች፤ እርሱ 6:15 ነው። እኔ ለራሴ ያገኘሁት መፍትሔ የሰማሁትን ሰዓት ወዲያው በቁጥር ማንበብ ነው፦ «አልዞ ዜክስ ኡር ድራይሲኽ፣ ሽቲምትስ?» «እንግዲህ ስድስት ሰዓት ከሠላሳ፣ ልክ ነኝ?» በቁጥር ጊዜም የእነርሱ አንዱ ከዐሥሩ ይቀድማል፤ አርባ ሦስትን «ሦስት እና አርባ» ይሉታልና ስልክ ቁጥር ስትቀበዪ «አይንጸልን፣ ቢተ» በያቸው፤ አንድ በአንድ ማለት ነው። «ጽቮ» የሚል እንግዳ ቃል ብትሰሚ ደግሞ ሁለት ነው፤ «ጽቫይ» በስልክ ከ«ድራይ»፣ ከሦስት፣ ጋር ስለሚመሳሰል ሆነ ብለው ይለውጡታል። በዚሁ ምክንያት ሰኔን «ዩኖ»፣ ሐምሌን «ዩላይ» የሚሉም አሉ። እነርሱም በስልክ መሳሳትን እንደሚፈሩ ከዚህ ትረጃለሽ።

ብልግና አይሆንብኝም ወይ ያልሽው ጥያቄ አስደስቶኛል፤ የአሳዳጊዎችሽ ድምፅ አለበት። ለዚህ ከማንም የበለጠ የታጠቅሽ አንቺ ነሽ። አንቺና እርስዎ ያለው ቋንቋ ተናጋሪ ስለሆንሽ ከ«ዱ» እና ከ«ዚ» ጋር አዲስ ትውውቅ አያስፈልግሽም። በሥራ ላይ «ዱ» የምትልሽን ባልደረባ፣ ሃያ ዓመት ብትበልጥሽም፣ በስልክም «ዱ» በያት፤ አንቺ ብቻ «ዚ» ብትያት እንደ ቅሬታ ወይም እንደ ርቀት ትቆጥረዋለች። የአዛውንቶቹ ቤተሰቦች ሲደውሉ፣ ሐኪም ቤት ስትደውዪ ግን «ዚ» ነው፤ ስንብቱም «አውፍ ቪደርሆረን»፣ «እንደገና እስክንሰማማ» ነው፤ በስልክ መተያየት ስለሌለ። «ቹስ» ለሁለቱም ወገን በአብዛኛው ቦታ ያገለግላል። «ማኽስ ጉት» ግን የ«ዱ» ስንብት ነው። ያልሰማሽውን ስትጠይቂ «ቫስ?» አትበዪ፤ እርሱ የእኛን ደረቅ «ምን?» ይመስላል። «ቪ ቢተ?» በዪ፤ እርሱ «አቤት?» ነው። እነዚያ ትንንሽ ቃላት፣ «ማል»፣ «ኩርትስ»፣ «ደን»፣ ለጆሮሽ ትርፍ ቢመስሉም የንግግሩን ጨዋነት የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። «ቫርተ!» ብትያት «ጠብቂ!» ነው፤ «ቫርተ ማል ኩርትስ» ብትያት ግን «እስቲ አንዴ ጠብቂኝማ» ነው። እስቲን ከአማርኛ ብታወጪው ምን ያህል ሸካራ እንደሚሆን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ስለ ባለቤትሽ። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሰው ያለፈበትን ሐፍረት አንቺ እንዳታልፊበት መፈለጉ ፍቅር ነው፤ ሆኖም የእርሱም ጀርመንኛ እዚህ የደረሰው እየተሳሳተ በማንሳቱ መሆኑን ረስቶታል። እስቲ በረጋ ሰዓት፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ የመጀመሪያውን የስልክ ሐፍረቱን እንዲያጫውትሽ ጠይቂው። የማያውቀው ነገር ቢኖር የሐኪሙ ጥሪ ምን እንዳደረገሽ ነው፤ ለእኔ የጻፍሽውን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ለእርሱ ነግረሽዋል? ከዚያም ቦታ እንለዋወጥ በዪው፦ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ይሆናል፣ እርሱ ወረቀት ይዞ አጠገብሽ ይቀመጣል፤ ስትጠይቂው ብቻ ይጽፍልሻል፣ ስልኩን አይነጥቅሽም። በሌላኛው ጫፍ ላለችው ሴት ባለቤትሽ አብሮሽ እየሰማ መሆኑን መንገር ተገቢ ነው።

ለሐኪም ቤቱ የሚያስፈልግሽ «ኢኽ ሄተ ገርን አይነን ተርሚን» ነው፤ ቀጠሮ እፈልግ ነበር። ተቀባይዋ «ቮሩም ጌትስ?»፣ በምን ጉዳይ ነው፣ ብትልሽ የገመናሽን ዝርዝር ለእርሷ መናገር ግዴታሽ አይደለም። «ዳስ ሞኽተ ኢኽ ሊበር ሚት ደር ኤርትስቲን በሽፕሬኸን» በያት፤ ከሐኪሟ ጋር ብነጋገርበት እመርጣለሁ ማለት ነው። ረጅም ናት፤ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብታነቢያትም ማንም አያይሽም። የስልክ አንዱ ጸጋ ይህ ነው።

ስምሽን ፊደል በፊደል እንድትነግሪያቸው መጠየቃቸውም አይቀርም። ጀርመኖች ለዚህ «አንቶን፣ ቤርታ፣ ጼዛር» እያለ የሚሄድ የቃላት ሰንጠረዥ አላቸው። አንድ ነገር ላጫውትሽ፤ በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 1934 በፊት ዳዊት፣ ናታን፣ ሳሙኤልና ዘካርያስ ነበሩበት። ናዚዎች የአይሁድ ስም ናቸው ብለው ፍቀው ዶራ፣ ኖርድፖል፣ ዚግፍሪድና ጼፔሊን የሚሉትን ተኩባቸው። ከጦርነቱ በኋላ ሳሙኤልና ዘካርያስ ቢመለሱም፣ በሕዝቡ አፍ ጼፔሊን እስከ ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በከተሞች ስም የተሠራ አዲስ ሰንጠረዥ ለቢሮ ሥራ ወጥቷል። አንቺ የቱንም ብትጠቀሚ ይረዱሻል፤ በስምሽ ውስጥ ያሉትን ፊደላት ብቻ መርጠሽ ያዢ። እኔ «ዳቪድ» እላለሁ፤ ማንም ዶራ በል ብሎኝ አያውቅም።

የተቀየመችሽ ባልደረባሽ ትቀራለች። ይቅርታውን በስልክ አትጀምሪው፤ ለዚህ ፊትሽ ያስፈልጋታል። በዚህ አገር አንድ ሰው በዓሉን ወይም ልደቱን ምክንያት አድርጎ ኬክ ይዞ ወደ ሥራ መምጣቱ የታወቀ ነውና፣ ድፎ ዳቦ ጋግረሽ በዕረፍት ሰዓት ይዘሽላት ሂጂ። የፋሲካ ሌሊት ምን እንደነበር፣ ሐሙስ ዕለት ከንግግሯ ሁሉ «ዞንታግ»ን ብቻ እንደሰማሽ፣ «ቮ ብላይብስት ዱ?» ስትልሽም አድራሻሽን የሰጠሻት ለምን እንደሆነ ንገሪያት። እስካሁን ለቀልድ ወይም ለንቀት ወስዳው ይሆናል። ስለ ብቻዋ መሥራቷ «ቱት ሚር ኤኽት ላይት» በያት፤ ከልቤ አዝናለሁ ነው፤ «ኤኽት» የሚለው ቃል ከኮርሱ ይቅርታ የሚለየው በእውነት ተሰምቶኛል ስለሚል ነው። ከዚያ አንድ ነገር ለምኛት፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ደቂቃ፣ ያለ ጉዳይ እንድትደውልልሽ። እምቢ ካለች አትዘኚ፤ በየከተማው ቤተ መጻሕፍትና አብያተ ክርስቲያናት የሚዘጋጁ «ሽፕራኽካፌ» የሚባሉ የመነጋገሪያ ምሽቶች አሉ፤ «ፎልክስሆኽሹለ» የሚባለው የጎልማሶች ትምህርት ቤትም በዝቅተኛ ክፍያ ያስተምራል። ጆሮሽን ለማሰልጠንም የዶይቸ ቬለ የነፃ ትምህርት ድምፆች በእጅሽ ናቸው። የእኔ ምርጫ ግን ባልደረባሽ ናት፤ የምትፈሪው ድምፅ የእርሷ ነውና።

እሺ ካለችሽና ስልኩ ሲጮኽ ባለቤትሽ እጁን ከዘረጋ፣ ወረቀቱን ስጪው እንጂ ስልኩን አትስጪው። ስንብቱ ላይ «አልዞ ዳን… ቢስ ሞርገን… ማኽስ ጉት…» እያለች ስትንዛዛ አትደናገጪ፤ እንደ እኛው በአንድ ጊዜ መዝጋት አይሆንላቸውም። በመጨረሻ ብዙዎቻቸው የሚሉትን ቃል ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ ጣልያን ለእኛም ለእነርሱም ያወረሰው «ቻው» ነው። እርሷ ሁለቴ ካለችሽ አንቺም ሁለቴ በያትና ዝጊው። ከዚያ ምን እንደተባባላችሁ ጻፊልኝ፤ ያልገባሽንም ጨምረሽ።